የደማቀች በር እና ሁለቱ ቱርቦዎች

ደማቀች ሦስት ዓመት የተኛችው አውሮፕላን ጭራ ሥር ነው። ይህን ስናገር ሰው የማጋንን ይመስለዋል። እኔ ሰርካለም ደግሞ በዚህ ዓለም የማልወዳቸው ሁለት ነገሮች ቢኖሩ አንዱ አውሮፕላን፣ ሌላው ማጋነን ነው። እንዳለ ልናገር። ጭራው ከራስጌዋ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ነበር፤ ቀለሙ ቢጫ ነው፤ ያጠበችውን ነጠላ የምታሰጣው እሱ ላይ ነበር። ቀጥ ብሎ በቆመው የጭራው ክፍል ላይ ደግሞ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ለጥፋበታለች። «እሱም ክንፍ አለው፣ አይቀየመኝም» አለችኝ።

ሁለታችንም ዓረብ አገር፣ አማን ከተማ ነው የምንሠራው። እኔ ሽሜሳኒ በሚባል ሰፈር ቢሮ አጸዳለሁ፤ የምኖረው ከሁለት ልጆች ጋር ተከራይቼ ነው። እሷ ማርካ ውስጥ፣ ከአሮጌው ኤርፖርት አጥር ብዙም በማይርቅ ቤት፣ አሠሪዎቿ ዘንድ ትኖራለች። ዓርብ ምሳ አብልታ ዕቃ አጥባ ስትወጣ መሐል አማን እንገናኝና ፈላፍል እየበላን የሳምንቱን ጉድ እናወራለን። የእኔ ሳምንት ጉድ የለውም፤ ቢሮ ያው ቢሮ ነው። የእሷ ግን ሞልቶ ይፈስ ነበር።

አሠሪዋ አቡ ሃይሰም ዕድሜውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። ሽማግሌ ስለሆነ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር። ነገር ግን የሰው በር ነቅሎ ጠረጴዛ ያደረገ ሰው ከእኔ አንቱታ አያገኝም፤ ለምን እንደምል ትደርሱበታላችሁ።

ሌላው ጡረተኛ ጣራ ላይ ርግብ ያረባል፣ ወይም በረንዳ ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ይቆጥራል። አቡ ሃይሰም ግን ጋራዡ ውስጥ አውሮፕላን መሥራት ጀመረ፤ እውነተኛ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ። ሲጀምር ጋራዡን በሜትር ለካ፣ አውሮፕላኑንም ወረቀት ላይ ለካ፣ ልክክ ብሎ እንደሚገባ አረጋገጠ። የረሳው አፍንጫውን ብቻ ነው። ሞተሩ የሚቀመጥበት የፊት ክፍል ሲገጠም አውሮፕላኑ ከጋራዡ በአንድ ሜትር ተኩል በለጠ። ወደ ፊት እንዳይገፉት አስፋልት ነው። ወደ ኋላ ሲገፉት ከጋራዡ ጀርባ ያለው የደማቀች ክፍል በር ተገኘ።

«ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው ደማ» አላት። በሩን ከነማጠፊያው ነቀለው፣ ጭራውን አስገባ፣ የጭራውን የጎን ክንፎች ደግሞ እዚያው ክፍሏ ውስጥ ገጠማቸው። የተነቀለው በር ሁለት በርሜል ላይ ተጋድሞ የሥራ ጠረጴዛ ሆነ። በበሩ ፈንታ መጋረጃ ተሰቀለላት።

በር ምን ያደርጋል የምትል አትጠፋም። እሷ ወይ በር ኖሯት የማያውቅ ናት፣ ወይ በር አጥታ የማታውቅ።

ደማቀች ከሸኖ ከወጣች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው ቤት ኩሽና ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ ትተኛ ነበር፤ ውሃ የጠማው ሁሉ ተራምዷት ያልፋል። ሁለተኛው ቤት ከሦስት ሕፃናት ጋር አስተኟት፤ መሐለኛው ጠዋት ጠዋት እግሩ አፏ ውስጥ ይገኝ ነበር። ሦስተኛው ቤት ክፍል ነበራት፣ ግን የልብስ መተኮሻውም፣ የክረምት ምንጣፉም፣ የማዳም የአሮጌ ጫማ ካርቶኖችም እዚያው ነበሩ፤ የሚገባ ይገባል፣ የሚወጣ ይወጣል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ማርካ ስትመጣ ነው በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፍ ያለው በር ያገኘችው። ቁልፉን ማተቧ ላይ አሰረችው።

«ዘግተሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት አንድ ዓርብ።

«ምንም።»

«ምንም ለማድረግ በር ይዘጋል?»

«ተዘግቶ አየዋለሁ» አለች።

ስምንት ወር አየችው። ከዚያ ጭራው መጣ። ሁለቱ ሳምንት ሦስት ዓመት ሆነ፤ ቁልፉ ግን ከማተቧ አልወረደም። አቡ ሃይሰም ጭራውን ሊለካ ወይም ቀለም ሊቀባ በመጣ ቁጥር፣ እዚህ አገር ወንድ ወደ ሴቶች ክፍል ሲገባ እንደሚለው «ደስቱር!» ይላል፤ ልግባ ወይ እንደማለት ነው። ችግሩ የሚለው ገብቶ ካበቃ በኋላ መሆኑ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኑ ከጭራው በቀር ሌላ አያይም። ግን ሰው ፊቱን ሳይታጠብ መካኒክ ማየት የለበትም፤ ይህ የእኔ አቋም ነው።

አውሮፕላኑ የሚወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር። የአቡ ሃይሰም የድሮ ባልደረባ ከከተማ ውጭ ሰፊ መጋዘን አለው፤ ነገር ግን «ሞተሩ የሚነሳ አውሮፕላን አምጣ እንጂ የብረት ቁርጥራጭ አላስገባም» ብሎታል። ሞተሩ ደግሞ አለ። ከአሮጌ የጃፓን ስፖርት መኪና የወጣ፣ ሮታሪ የሚሉት ዓይነት ነው፤ እንደ ሌላው ሞተር ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ነገር የለውም፤ ሦስት ማዕዘን ብረት ሆዱ ውስጥ ይዞራል። የጎደለው ቱርቦ ብቻ ነበር። ቱርቦ ደግሞ አልጠፋም። ሁለት ነበር። መከራው ይኸው ነው፣ ሁለት መሆኑ።

ደማቀች እንዳስረዳችኝ ቱርቦ ማለት ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ሁለት የብረት ቀንድ አውጣዎች ማለት ነው። የሞተሩ ጭስ ሲወጣ በአንደኛው ሆድ ያለውን መዘውር ያሽከረክራል፤ እሱ ሲዞር በሌላኛው ሆድ ያለው አብሮ ይዞርና ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። አማን ከፍታ ላይ ናት፤ በነሐሴ ሙቀት አየሩ ይሳሳል፤ ወደ ሰማይ ሲወጣ ይብሳል። ስለዚህ ሞተሩ ትንፋሽ የሚሰጠው ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የምታውቀው ሻይ ስታቀርብ እየሰማች ነው። እኔ አሥር ዓመት ቢሮ ሳጸዳ የሰማሁት «ባልዲውን አንሺ» የሚለውን ብቻ ነው።

ጋራዡ ሞልቶ ስለነበር ሁለቱ ቱርቦዎች የተቀመጡት ኩሽና ውስጥ፣ እምነ በረዱ ላይ፣ ከሻይ ማፍያው አጠገብ ነበር። አንዱ ትንሽ ነው፣ ከመኪና የወጣ። አንዱ ትልቅ ነው፣ ከጭነት መኪና የወጣ። ደማቀች ውሃ እንዳታስነካቸው በጥብቅ ተነግሯታል። የአቡ ሃይሰም ሚስት፣ የማዳም ኢብቲሳም ወንድም ራኢድ፣ መኪና እያስጌጠ የሚያስጮህ ጋራዥ ያለው ሰው፣ ዓርብ ዓርብ ለምሳ እየመጣ ለትንሹ ይከራከር ነበር። «ቤንዚን ረገጥ ስታደርጋት ወዲያው ትነሳለች! ትልቁ እኮ እስኪነቃ ድረስ እንቅልፍ ነው» ይላል። አቡ ሃይሰም ደግሞ የሮታሪ ጭስ እሳት ነው፣ ጉልበቱ ከባድ ነው፣ ትንሹ አይችለውም ብሎ ይፈራል። ግን ትልቁም ይዘገያል ብሎ ይፈራል። ጠዋት ትንሹን አንስቶ ያየዋል፣ ያስቀምጠዋል። ትልቁን አንስቶ ያየዋል፣ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ሻይ ይጠጣል።

«ሹ ራይክ ደማ?» ይላታል አንዳንዴ፤ ምን ይመስልሻል ማለቱ ነው።

«ኩሉ ኩወይስ ባባ» ትለዋለች። ሁሉም ጥሩ ነው።

ሁለት አይወዱም፣ ከመነኮሱ አይወልዱም ይባላል። አቡ ሃይሰም አሥራ አንድ ወር ሙሉ መረጠ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

ደማቀች ጾም ስትይዝ ያ ኩሽና ለሁለት ይከፈላል። የእሷ ድስት፣ የእሷ ቢላ፣ የእሷ ስፖንጅ ከማዳም ሥጋና ቅቤ ጋር እንዳይነካካ ቀይ ክር ታስርበታለች። ክሩን የምትወስደው ከማዳም የስፌት ሳጥን ነው፣ አስፈቅዳ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ «እኛ እንዲህ ያለ ጣጣ የለብንም» ብዬ እተርባታለሁ። «ለዚህ ነው ክር የሚተርፋችሁ» ትለኛለች።

የመጀመሪያው የጾም ዓርብ ላይ እንደ ልማዳቸው መንሰፍ ተሠራ። መንሰፍ የበግ ሥጋ በእርጎ መረቅ ተቀቅሎ ሩዝ ላይ የሚቀርብ ነው፤ በእጅ ነው የሚበላው። መረቁ ገነፈለና ትንሹ ቱርቦ ላይ ተረጨ። ይህ ሳያንስ ራኢድ ቅባት ባጠቀሰ እጁ ትንሹን አንስቶ እያሻሸ አንድ ሰዓት ስለ ፍጥነት ሰበከ። ትልቁን የነካው የለም።

አሁን አስቡት። ደማቀች እምነ በረዱን ለመወልወል በቀን ሦስቴ ሁለቱንም ማንሳት አለባት። አንሥታ ምስሯን ልትለቅም ነው። ማጠብ ተከልክሏል። ትንሹ ቱርቦ ፈስኳል። ትልቁ ጾሙን አልገደፈም። እንዳይምታታባት ትልቁ ላይ ቀይ ክር አሰረችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት አቡ ሃይሰም ኩሽና ገባ፤ ክሩን አየ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ አሁንም ክሩ አለ። ክሩ የሚስቱ የስፌት ሳጥን ክር ነው። ከዚያ ወደ ሳሎን ሄደና ቴሌቪዥን የምታየውን ማዳም ኢብቲሳምን ግንባሯን ሳማት። ማዳም ኢብቲሳም ደግሞ ወደ ኩሽና ስትመጣ ክሩን አየችና ሽማግሌው በመጨረሻ መረጠ፣ መሳሙም ለዚሁ ነው ብላ አሰበች። ስልክ አንስታ ለእህቷ ነገረች። ራኢድ ሲሰማ አኮረፈ። ባልና ሚስት ግን ቀኑን ሙሉ አንዱ ሌላውን እያመሰገነ ዋለ። ሠላሳ ስድስት ዓመት በትዳር የኖሩ ሰዎች እንዴት አይጠያየቁም እንዳትሉኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖሩት ባለመጠያየቅ ነው።

ሰኞ ዕለት ቢሮ እየወለወልኩ ስልኬ ጮኸ። ደማቀች መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧ ከፍታ ነው የምታወራው።

«ሰርኬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ትልቁን ሊገጥም ነው።»

«እልል በይዋ። ሊወጣልሽ ነው።»

«ማማ የመረጠችለት መስሎታል። ዛሬ ጠዋት ሻይ ሳቀርብለት፣ ‹ሦስት ዓመት ቆሻሻህን አውጣልኝ ስትለኝ የነበረች ሴት ክር አሰረችልኝ› ብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ። ክሩ የእኔ ነው። የመንሰፍ ነው።»

«ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።»

«ቢወድቅስ?»

«ምኑ?»

«አውሮፕላኑ ነዋ! የተሳሳተውን ገጥሞ ሰማይ ላይ ሞተሩ ቢፈነዳ፣ ሽማግሌው በእኔ ክር ሊሞት ነው። በፍልሰታ ነፍስ ላጥፋ?»

«ብትነግሪው እኮ ሌላ አሥራ አንድ ወር ነው። ጭራው አናትሽ ላይ ሊያረጅ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ቁልፉን ይዤ ነው የማወራሽ።»

ያን ቀን ተናደድኩባት። እውነቴን ነው፤ ሰው አንድ በር፣ አንዲት ተራ የእንጨት በር ሊያገኝ ሲል ኅሊናው የሚነሳበት ምን ዓይነት ዕድል ነው? እኔ ብሆን ክሩን በሁለት ቋጠሮ አጠብቀው ነበር። ደማቀች ግን ሳምንቱን ሙሉ አልበላ አላት፤ ጾም ላይ ጾም ጨመረች።

ዓርብ መሐል አማን ተገናኘን። ፈላፍሏን አልነካችም። «ዛሬ እነግረዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሲጠራ ግን እሱ ሰማይ ላይ ባይሆን ይሻላል» አለች። እኔም አብሬያት ለመሄድ ተነሣሁ፤ ካባረሯት ሻንጣዋን የሚይዝላት ያስፈልጋል ብዬ።

ወደ ማርካ የምትሄድ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ያዝን። የዚያች መኪና አነዳድ የጤና አልነበረም። እያንዳንዱ ኢሻራ፣ የትራፊክ መብራቱን ነው፣ ላይ ትቆማለች። አረንጓዴ ሲበራ ሾፌሩ ይረግጣል፣ መኪናዋ ዝም። ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል። ከዚያ ድንገት ትስፈነጠርና ሁላችንም ወደ ኋላ እንወድቃለን። እንደገና ኢሻራ። በአራተኛው ላይ የአንዲት ሴትዮ ቲማቲም ጭኔ ላይ ተበተነ።

«ዓሞ፣ መኪናዋ ምን ሆና ነው?» አለችው ደማቀች በዓረብኛ።

«ምንም አልሆነችም» አለ ሾፌሩ ተቀይሞ። «የጭነት መኪና ቱርቦ አስገጥሜላት ነው። ከቆመችበት ስትነሳ ያንቀላፋል። ወደ ዛርቃ የሚወስደውን ረጅም መንገድ አንዴ ከያዘች ግን ማንም አይቀድመኝ፤ ሙሉ ቀን ብትነዳት አትደክምም። ጠላቷ ኢሻራ ነው።»

ደማቀች ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ እስከ ማርካ ድረስ በመስኮት ወደ ሰማይ ስታይ ነበር። እኔ ቲማቲም ስለቅም ነበር።

ስንደርስ ሦስቱም ኩሽና ውስጥ ነበሩ። አቡ ሃይሰም ትልቁን ቱርቦ አቅፎ ተቀምጧል፣ ማዳም ኢብቲሳም ፍሬ እየፈለፈለች ትበላለች፣ ራኢድ አኩርፎ ወደ ግድግዳ ዞሯል። ደማቀች ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«ባባ፣ ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ስለ ጾሙ፣ ስለ መንሰፉ፣ ስለ ራኢድ እጅ፣ ስለ ስፖንጇም ጭምር ሁሉንም ዘረገፈችው። እንደሚፈረድባት ያወቀች ሰው አነጋገር ነበር፤ ፈጣንና ያለ ነጥብ። ስትጨርስ አቡ ሃይሰም ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ? አንተ መስለኸኝ!»

የሽማግሌው ፊት እንደ ቀዘቀዘ ሻይ ሆነ። እኔ እንኳ አሳዘነኝ፤ እኔ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የማዝን ሰው አይደለሁም። ራኢድ ግን ከግድግዳው ዞሮ እጁን አጨበጨበ።

«ኸላስ፣ በቃ! የሠራተኛ ክር ነው እንግዲህ! ትንሹን እንገጥማለን።»

አቡ ሃይሰም ትልቁን ቀስ ብሎ እምነ በረዱ ላይ መለሰው። ትንሹን አንስቶ አየው። አስቀመጠው። ደማቀች እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፣ ቁልፉን ጨበጠች። አሥራ አንዱ ወር እንደገና ሲጀምር በዓይኔ አየሁት።

«ባባ» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ላይ፣ ሰማይ ላይ፣ ኢሻራ አለ?»

«ምን?»

«ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። የሚያስቆም ነገር አለ?»

«የለም፣ ደማ።»

«አደባባይስ?»

«አደባባይም የለም።»

«እንግዲያው ወዲያው መነሳት ለምን ያስፈልጋል? መኪና ነው ቆሞ የሚነሳ፣ ቆሞ የሚነሳ። የእርስዎ አውሮፕላን አንዴ ከተነሳ እስኪወርድ ድረስ በአንድ ዓይነት ይሄዳል። ትልቁ ቢያንቀላፋ መሬት ላይ ያንቀላፋ። ከነቃ በኋላ ማን ያስተኛዋል?»

ማዳም ኢብቲሳም ፍሬውን በጥርሷ እንደያዘች ቀረች። አቡ ሃይሰም ወደ ኮርኒሱ አየ፣ ምናልባት እዚያ ላይ ኢሻራ እንዳለ ሊያረጋግጥ።

«ያ አላህ» አለ በቀስታ። «ሠላሳ አምስት ዓመት አውሮፕላን ጠግኜ፣ አሥራ አንድ ወር እንደ መኪና አሰብኩ።» ከዚያ ወደ ራኢድ ዞረ። «ያንተዋ ትንሿ ሁለት ሰዓት ሙሉ በዚያ እሳት ስትሽከረከር፣ ቀዳዳው እንደጠበበ የእንፋሎት ድስት ነው የምትጮኸው። ትልቁን ግን ከመነሳቴ በፊት ፍሬን ይዤ ቆሜ አነቃዋለሁ። ከዚያማ ነቅቶ ይውላል።»

ራኢድ ፍሬ አንስቶ በላ።

ሽማግሌው ግን አሁንም ደስ አላለውም። ክሩን በጣቱ እየነካ፣ «እኔ እኮ አንቺ አሰርሽው ብዬ ነበር» አላት ለሚስቱ። እንደ ሕፃን ነው ያለው።

ማዳም ኢብቲሳም ተነሥታ ወጣች። በቃ፣ ተጣሉ ብዬ የደማቀችን ሻንጣ በሐሳቤ ማሸግ ጀመርኩ። ስትመለስ የስፌት ሳጥኗን ይዛለች። አረንጓዴ ክር መዘዘች፣ ከቀዩ አጠገብ አሰረች፣ ቋጠሮውን በጥርሷ በጠሰች።

«ይኸው፣ አሰርኩ» አለች። «አሁን ሁለታችሁም ከኩሽናዬ ውጡልኝ፣ አንተም ቱርቦውም።»

ሽማግሌው ግንባሯን ሳማት። በዚህ ሳምንት ሁለተኛው ነው፤ ደማቀች እንደምትለው ባለፉት ሦስት ዓመታት ከታየው በሁለት ይበልጣል።

ፍልሰታ ተፈታ፣ ጳጉሜን አለፈች፣ ቱርቦው ከነሁለት ክሩ ሞተሩ ላይ ተገጠመ። ሙቀቱ ክሩን እንደሚያቃጥለው ተነግሮት ነበር። «ይቃጠል፣ ግን ሳይፈታ ይቃጠል» አለ። ሞተሩ የሚሞከርበት ዓርብ ጠዋት እኔም ተጠራሁ። የጋራዡ በር ወደ መንገድ ተከፈተ፣ ጭራው በደማቀች መስኮት የብረት ፍርግርግ ላይ በገመድ ታሰረ፤ የሰፈሩ ሰው ወንበር ይዞ ወጣ።

ደማቀች ከክፍሏ ዕቃ እንድታወጣ ተነግሯት ነበር። ልብሷን አወጣች፣ ገብርኤልን ነቅላ ደረቷ ላይ ያዘች፣ ፍራሹን ጠቀለለች። የረሳችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እህቷ በሰው የላከችላት አምስት ኪሎ ሽሮ መደርደሪያው ላይ፣ አፉ ተፈትቶ ነበር።

አውሮፕላኑ የሚነፍሰው ወደ ኋላ መሆኑን ማናችንም አላሰብንም። አቡ ሃይሰም አስቦበት ይሆናል፣ ግን እሱ ስለ ሽሮ ምን ያውቃል? ሞተሩ ተንገራገረ፣ ተነሳ፣ ፕሮፔለሩ ጠፋ እስኪመስል ፈጠነ። መጀመሪያ ትንሽ እንደማንቀላፋት አለ። ከዚያ ቱርቦው ነቃ። ንፋሱ ጋራዡን ጠራርጎ ክፍሏ ገባ፤ በኋላው መስኮት የወጣው ግን ንፋስ ብቻ አልነበረም። ቀላ ያለ ደመና ነበር። ከኋላ ያለችው ጎረቤት ያሰጣችው ነጭ አንሶላ በሙሉ የሽሮ ቀለም ያዘ። የቀረው ከግድግዳ ተመትቶ ወደ እኛ ተመለሰና ሕዝቡን ከነወንበሩ አለበሰው። ራኢድ አነጠሰ፣ ማዳም ኢብቲሳም አነጠሰች፣ እኔ በርበሬው ዓይኔ ገብቶ እንደ ልቅሶ ቤት አለቀስኩ።

አቡ ሃይሰም ብቻ ከመለኪያው መርፌ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። መርፌው በልኩ ቆሟል፣ ቱርቦው በአንድ ድምፅ ይዘፍናል። ሩብ ሰዓት ሙሉ አስኬደው። ሲያጠፋው ቅንድቡ እንኳ አይታይም። ከንፈሩን ላሰ።

«ሹ ሃዳ?» አለ። «ዛኪ።»

ምንድን ነው ይሄ፣ ይጣፍጣል ማለቱ ነው። ደማቀች ከመጣች ጀምሮ ሽሮ ስትሠራ ሽታውን አልወደውም ሲል የነበረ ሰው ነው።

በሳምንቱ ዓርብ የመኪና መጫኛ መጣ። ክንፎቹ ተፈቱ፣ ጭራው ከክፍሏ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት፣ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ወጣ። አውሮፕላኑ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ይበር አይበር ገና ፈቃዱ አልወጣም፤ እኔንም አትጠይቁኝ፣ ስለ አውሮፕላን ካወራሁት ሁሉ ይህ የመጨረሻው ነው።

አቡ ሃይሰም ከበርሜሎቹ ላይ በሩን አንስቶ በገዛ እጁ መልሶ ሰቀለው። በሩ በር አይመስልም ነበር። በዘይት ጠቁሯል፣ ብሎን ሲሞክርበት የቀዳደደው ስድስት ቀዳዳ አለው፣ መሐሉ ላይ የትልቁ ቱርቦ ክብ በቅባት ታትሟል። ደማቀች ግን አንድ ጊዜ በእጇ ዳሰሰችው፣ ገባች፣ ዘጋችው። ቁልፉ ሁለቴ ሲዞር ሰማሁ።

እኔ የቀረውን ሽሮ ልጠርግላት መጥረጊያ ይዤ በር ላይ ቀረሁ።

«ደማቀች! መጥረጊያው እኮ እኔ ጋ ነው።»

መልስ የለም። ጠበቅሁ። ማዳም ኢብቲሳም ከላይ ተጣራች፣ መልስ የለም። በአንዷ ቀዳዳ አጮልቄ ላይ ነበር፣ ግን ተውኩት። አምላክ ይወቅልኝ፣ ተውኩት።

ትንሽ ቆይቶ አቡ ሃይሰም ከጋራዡ መጣ። በአንድ እጁ ሁለት ክንፍ ያለው ፕሮፔለር፣ በሌላው የባለ ሦስት ክንፉን ሥዕል ይዟል። ልማዱ ነውና «ደስቱር!» እያለ በሙሉ ፍጥነት ሲመጣ በሩ ጋ ደረሰና ቆመ። በሩን አየው። የሰቀለው እሱ ራሱ መሆኑን የረሳ ይመስል ብዙ አየው። ከዚያ ፕሮፔለሩን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

ደማቀች እዚህ አገር በኖረችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ማንም አንኳኩቶባት አያውቅም። ምን እንደሚመለስ እንኳ ትዝ ያላት አልመሰለኝም፤ የመለሰችውም በዓረብኛ አልነበረም።

«ማነው?» አለች በአማርኛ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ምን እንዳለች ነገርኳቸው። አዎ፣ ነገርኳቸው ነው ያልኩት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ ናቸው።

«አቡ ሃይሰም ነኝ» አሉ በሩን ተጠግተው። «ስለ ፕሮፔለሩ ሐሳብሽን ልጠይቅሽ ነበር።»

«ቆይ ባባ» አለች ከውስጥ።

እሺ አሉና ፕሮፔለራቸውን ተደግፈው ቆሙ። እኔም መጥረጊያዬን ተደግፌ አጠገባቸው ቆምኩ። ረጅም ጊዜ ነው የጠበቅነው።